ደጅ የማያስጠና ደጅ

ለንደን ውስጥ ሰኞ ጠዋት ጂፒ የሚባለው የሰፈር ሐኪም ጋ መደወል ምን እንደሚመስል የደወለ ያውቀዋል። መስመሩ በእንግሊዞቹ ስምንት ሰዓት፣ በእኛ ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈታል። አንድ ደቂቃ ዘግይቶ የደወለ ሰው ከፊቱ ሃያ ሰው እንዳለ የተቀዳ ድምፅ ይነግረዋል፤ ከዚያ በኋላ ሙዚቃ ነው። እንግሊዝኛ የማይቀናው ደግሞ ተራው ሲደርስ የሚለውን በልቡ እየደጋገመ ይጠብቃል። ለዚህ ነገር የቆየ ቃል አለን፤ ደጅ መጥናት። አያቶቻችን በሹም ግቢ፣ ወላጆቻችን በመሥሪያ ቤት ኮሪደር ደጅ ጠኑ። እኛ ደግሞ ስልክ ጆሯችን ላይ ለጥፈን እንጠናለን።

በአስተርጓሚነት ስለምሠራ የብዙ ክሊኒኮችን ድረ ገጽ ከፍቻለሁ። አንዳንዴ አድራሻ ለማየት፣ አንዳንዴ ለአዲስ መጤ ፎርም ለመሙላት፣ እሑድ ማታ ደግሞ የጎረቤቴን የእማማን የደም ግፊት መድኃኒት ለማዘዝ። በእንግሊዝ ከ6,000 በላይ የጂፒ ክሊኒኮች አሉ፤ በኢንተርኔት ላይ እንዲገኙም ውላቸው ያስገድዳቸዋል። አብዛኞቹ ገጾች የሚፈለገውን ይዘዋል፤ ከውስጣቸው ፈልጎ ማውጣቱ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ጥቂቶቹ ደግሞ ሌላ ናቸው። ድረ ገጽ የሚለው ቃላችን ከድር የመጣ ነውና ጥሩ ሸማ እንደሚዳሰስ ሊዳሰሱ ይችላሉ፤ የላላ ክር የላቸውም። ከእነዚህ አንዱ የእማማ ክሊኒክ ገጽ ነው። የሠራው ሰው ስም የትም አልተጻፈበትም። ስልክ ሲያነሳ የኖረ ሰው እጅ እንዳለበት ግን እርግጠኛ ነኝ፤ ታካሚ ምን እንደሚጠይቅ፣ በምን ቃል እንደሚጠይቅ፣ የት ላይ እንደሚደናገር ያውቃል።

አስቀድሞ ሸክሙን ማየት ያስፈልጋል። የጂፒ ገጽ የሚያዘጋጅ ሰው ባዶ ሰሌዳ አይሰጠውም። ሐኪሞቹ እነማን ናቸው፣ የሚሸፍኑት ሰፈር የቱ ነው፣ ክሊኒኩ ሲዘጋ ማን ያክማል፣ ቅሬታ እንዴት ይቀርባል የሚለውን ለታካሚ ማሳወቅ የውል ግዴታ ነው። ሲኪውሲ የሚባለው የእንክብካቤ ጥራት ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ለክሊኒኩ የሰጠው ደረጃ ከ2015 ጀምሮ በገጹ ላይ መታየት አለበት፤ «እጅግ የላቀ» ቢባልም «በቂ ያልሆነ» ቢባልም። የሐኪሞቹ አማካይ ገቢ በየዓመቱ ይወጣል። የኩኪ ሕጉ ከ2003፣ የመረጃ ጥበቃ ሕጉ ከ2018 ነው። ማየት ለተሳነው፣ እጁ ለሚንቀጠቀጥ፣ ለማይሰማ ሰው ገጹ እንዲመች የሚያስገድደው ደንብም በ2018 ወጥቶ ነባር ገጾችን እስከ ሴፕቴምበር 23 ቀን 2020 እንዲያስተካክሉ ቀን ቆረጠላቸው። ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ የኢንተርኔት መጠየቂያው ፎርም ከሰኞ እስከ ዓርብ ክሊኒኩ በሚሠራበት ሰዓት ሁሉ ክፍት እንዲሆን ታዘዘ።

እነዚህን አንቀጾች አንድ በአንድ ገልብጦ መለጠፍ ይቻላል። ብዙ ገጾች እንደ ቀበሌ ማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው፤ ወረቀት በወረቀት ላይ ይለጠፋል፣ ሁሉም ማኅተም አለው፣ የሚነበብ ግን የለም። የእማማን ክሊኒክ ገጽ የሠራው ሰው እያንዳንዱ አንቀጽ መጀመሪያ የማን ጥያቄ እንደነበረ አልረሳም። «የሚሸፍኑት ሰፈር» የሚለውን እንውሰድ። ሌሎች በቀለም የታጠረ ካርታ ይለጥፋሉ፤ በስልክ ሲከፈት መንገዱ ከመንገድ አይለይም። እዚህ ግን አንዲት ሣጥን ብቻ አለች። የቤትን ፖስታ ኮድ ሲጽፉባት «አዎ፣ መመዝገብ ይችላሉ» ወይም «አይ፣ የእኛ ሰፈር አይደለም፤ በአቅራቢያዎ ያለውን እዚህ ይፈልጉ» ትላለች። ቤት የቀየረች እናት የምትጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ሕጉም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ሁለቱ በአንድ መስመር ተገናኙ።

የፊት ገጹ ላይ ያሉት ነገሮች በጣት ይቆጠራሉ፤ ሐኪም መጠየቅ፣ መድኃኒት ማዘዝ፣ የምርመራ ውጤት ማየት፣ መመዝገብ፣ ቀጠሮ መሰረዝ። ይህ ቀላል ይመስላል። ግን ክሊኒክ ውስጥ ያለ ሁሉ የራሱን ነገር ፊት ላይ ማየት ይፈልጋል፤ ነርሷ ክትባቱን፣ ሥራ አስኪያጁ የስልክ ሥርዓቱን፣ ሌላው ሲጋራ የማቆሚያውን ፕሮግራም። ለእነዚህ ሁሉ «ቦታህ ከውስጥ ነው» ብሎ ማሳመን የሚጠይቀውን ጉልበት ቢሮ የሠራ ሰው ያውቀዋል። የአደጋ ማሳሰቢያው ራሱ በልክ ነው። ከሁሉም በላይ አንድ ቀይ ሣጥን፣ ውስጡ አራት አጭር መስመር፤ የደረት ሕመም፣ የመተንፈስ ችግር፣ የፊት መጣመም፣ የማይቆም ደም፣ ከዚያ የአደጋ ጊዜ ስልኩ 999። ለሚያስቸኩል ግን ለነፍስ ለማያሰጋ ነገር 111። ከዚያ በታች በገጹ ላይ ቀይ ቀለም የለም፤ ስለዚህ ያ ሣጥን ከሩቅ ይጠራል።

የገቢው መግለጫ ከግርጌ ነው፤ የሐኪሞቹን የሥራ ሰዓት ስለማያሳይ ለማወዳደር እንደማያገለግል ከሚገልጸው ማስታወሻ ጋር። ትክክለኛ ቦታው ነው።

ስለ ቃላት ግን ቀስ ብዬ ልናገር፤ ሙያው የሚታየው እዚያ ነው።

እንግሊዞች የጂፒን ክሊኒክ «ሰርጀሪ» ይሉታል። ያው ቃል ቀዶ ጥገና ማለትም ነው። ከጥንት ጀምሮ ሐኪሙ ታካሚ የሚያይበትን ክፍልም ሰዓትም እንዲሁ ሲጠሩት ኖረዋል፤ የፓርላማ አባል እንኳ የወረዳውን ሰው የሚያነጋግርበትን ሰዓት «ሰርጀሪ» ይላል። ለእንግሊዝ ተወላጅ ይህ አያደናግርም። እማማ ግን የሌላ ክሊኒክ ታካሚ በነበሩ ጊዜ አንድ ቀን ስልካቸውን ይዘው በሬን አንኳኩ። ጉግል ትራንስሌት በ2016 አማርኛ ከጨመረ ወዲህ የልጅ ልጃቸው በስልኩ ላይ አዘጋጅታላቸው ነበር።

«ልጄ፣ ማነው ቀዶ ጥገና ያዘዘብኝ?»

ጽሑፉ «የእኛ ቀዶ ጥገና ሐሙስ ከሰዓት ይዘጋል» ይላል። ሠራተኞቹ ለሥልጠና ግማሽ ቀን እንደሚዘጉ ለማስታወቅ የተጻፈ ነበር። «እማማ፣ ክሊኒኩ ይዘጋል ማለታቸው ነው» ብዬ አረጋጋኋቸው፤ ሌሊቱን ግን አልተኙም ነበር።

የአሁኑ ክሊኒካቸው ገጽ ላይ ይህንኑ ማስታወቂያ አይቼዋለሁ። «ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዝግ ነን» ይላል። «ነን»። ሰርጀሪም የለ፣ ፕራክቲስም የለ፤ የኋለኛውን ደግሞ ማሽኑ «ልምምድ» እያለ ነው የሚመልሰው። ባለቤቱን «እኛ» ብሎ የጻፈ ዓረፍተ ነገር በየትኛውም ማሽን ቢያልፍ አይበላሽም። ገጹን የሠራው ሰው አማርኛ አያውቅ ይሆናል፤ ዓረፍተ ነገሩ ከእጁ ከወጣ በኋላ በብዙ ቋንቋ እንደሚያልፍ ግን ያውቃል። በገጹ ሁሉ ይህን ጥንቃቄ አያለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ነገር ይላል። ፈሊጥ የለም። ለመድኃኒት ማዘዣ አንድ ጊዜ የተመረጠው ቃል እስከ መጨረሻው አይለወጥም፤ ጌጥ የሚወድ ጸሐፊ በየመስመሩ ሊያለዋውጠው ይፈተን ነበር።

ከበስተጀርባው ብሔራዊ የአጻጻፍ መመሪያ አለ። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት፣ ኤንኤችኤስ፣ ጽሑፎቹን ከ9 እስከ 11 ዓመት ያለ ልጅ የሚያነበው እንዲሆኑ ይመክራል። በመመሪያው ውስጥ በጣም የምወደው ነገር ስለ ሽንት የሚለው ነው። እንግሊዝኛ የሐኪሙን ቃል ከልጁ ቃል ለይቶ ያስቀመጠ ቋንቋ ነው፤ አንዱ «ዩሪን» ሌላው «ፒ» ነው። ኤንኤችኤስ ሁለተኛውን መረጠ፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀው እሱ ስለሆነ። ትልቅ መሥሪያ ቤት ክብሩን ሳይፈራ የልጅ ቃል በገጹ ላይ ሲጽፍ መጀመሪያ ሳየው ደንግጬ ነበር፤ አሁን የማየው እንደ ድፍረት ነው። በአማርኛ ይህ ጭንቀት የለብንም። ሽንት ለሐኪሙም ለሕፃኑም ለመነኩሴውም ሽንት ነው። ሳስተረጉም ያንን ቃል በልበ ሙሉነት ስናገረው ቋንቋዬን አመሰግናለሁ።

የምዝገባው ገጽ ላይ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር አለች። ወደ አማርኛ ስመልሳት እንዲህ ትላለች፤ «መታወቂያ፣ የአድራሻ ማስረጃ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ባይኖርዎትም መመዝገብ ይችላሉ።» ይህ የክሊኒኩ ችሮታ አይደለም፤ በእንግሊዝ ማንም ሰው፣ ጥገኝነት ጠያቂም ይሁን ወረቀት የሌለው፣ ጂፒ ጋ በነፃ መመዝገብ ይችላል። ሌሎች ገጾች ላይ ግን የሚገኘው «ፓስፖርትና የቅርብ ጊዜ የመብራት ሒሳብ ይዘው ይምጡ» የሚል ነው። ትሕትና ያለው፣ ምንም ክፋት የሌለበት ዓረፍተ ነገር ነው። ሆቴል ውስጥ ከሌላ ሰው ጋር አንድ ክፍል የሚጋራ፣ ፓስፖርቱ በመሥሪያ ቤት የተያዘበት ወጣት ግን ይህን ካነበበ አይመጣም። ሳል ይዞት ይቀመጣል። ለእንዲህ ያለ ልጅ አስተርጉሜያለሁ፤ ቢቀርብ ኖሮ በክኒን የሚያልፈው ነገር ሆስፒታል አስገብቶት ነበር። ለዚህ ነው ያችን ዓረፍተ ነገር ስላለችበት ቦታ ጭምር የማደንቃት። ከፎርሙ በኋላ አይደለችም፤ በትናንሽ ፊደል ከግርጌ አይደለችም። ከመጀመሪያው ቁልፍ በላይ ናት። ልቡ የፈራ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ናት።

ከሥሯ ሁለት መስመር ተጨምሯል፤ «ስምዎን በያዙት ወረቀት ላይ እንዳለ ይጻፉ። የልጆችዎ የቤተሰብ ስም ከእርስዎ የተለየ ቢሆን ችግር የለውም።» እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ልጅ የአባቱን ስም ይይዛል፣ እናት የራሷን አባት። እንግሊዛዊ መዝጋቢ ፊት እናትና ልጅ የማይዛመዱ ሰዎች መስለው የሚታዩበትን ቅጽበት ስንት ጊዜ አይቻለሁ። እነዚያን ሁለት መስመሮች የጻፈው ሰው ከዚህ በፊት አንዲት እናት ሪሴፕሽን ላይ ቆማ ይህን ስታስረዳ ሰምቷል ማለት ነው። ሰምቶም አልረሳም።

ፎርሙን ራሱን ግን ክሊኒኩ አልሠራውም። ቁልፉ ወደ ኤንኤችኤስ ብሔራዊ የምዝገባ አገልግሎት ይወስዳል። የልደት ቀን መጠየቂያው ሦስት ባዶ ሣጥኖች ናቸው፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። እስከ 1948 ድረስ በጣት የሚገፋ የቀን መቁጠሪያ አይደለም። ስለ በሽታዎች የሚያስረዱትም ክፍሎች እንዲሁ ወደ ኤንኤችኤስ ገጾች ይመራሉ። ከተማረ ሰው ገልብጦ የራስ ማስመሰል ቀላል ነበር፤ በዓመቱ ግን ያረጃል፣ ያረጀ የሕክምና ምክር ደግሞ ይጎዳል። ሌላው አሳምሮ የሠራውን ነገር ሳይነኩ ማለፍም የእጅ ሙያ ነው።

እናቴ ጥልፍ ስትገዛ መጀመሪያ የምታየው ጀርባውን ነበር። ፊቱ ሁሉም ያምራል፤ ጀርባው ላይ ግን ክሩ የት እንደተቋጠረ፣ የት እንደተዘለለ ይታያል። የድረ ገጽ ጀርባ የሚታየው ማውሱን ትቶ በኪቦርዱ ታብ ብቻ ሲሄዱ ነው። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሰዎች፣ ማየት የተሳናቸው ሰዎች የሚሄዱት በዚህ መንገድ ነው። በእማማ ክሊኒክ ገጽ ላይ ታብን አንዴ ስጫን ተሰውራ የነበረች መስመር ከላይ ብቅ አለች፤ «ወደ ዋናው ጽሑፍ ይለፉ»። ማውጫውን ሁሉ በጆሮ ከመስማት የምታድን ናት። ቀጥዬ ስጫን የደረስኩበት ሊንክ ሁሉ በቢጫ ይደምቃል፣ ከሥሩ ጥቁር መስመር ይሰመርበታል፤ ማንም የት እንዳለ አይጠፋውም። ተራው አይዘልም፤ ዓይን በሚያነበው ቅደም ተከተል ይሄዳል። ስክሪን የሚያነበው ፕሮግራም ሊንኮቹን ለብቻ ሲዘረዝር «መድኃኒት ይዘዙ»፣ «ቀጠሮ ይሰርዙ» ይላል። «እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ» የሚል ዝርዝር በጆሮው የሰማ ሰው ልዩነቱን አይረሳውም። የፊደሉና የመደቡ ቀለም ልዩነት ደንቡ ከሚጠይቀው ከ4.5 ለ 1 በእጅጉ ይበልጣል፤ ግራጫ ፊደል በነጭ ላይ የሚያስውባቸው ገጾች የእማማን ዓይን አያውቁትም።

ከሥዕሎቹ ሁሉ ያቆመኝ አንዱ ነው። ሌላ ቦታ በዚያ ስፍራ ነጭ ጋውን ለብሳ የምትስቅ፣ ክሊኒኩ ውስጥ ያልሠራች ሞዴል ትኖር ነበር። እዚህ ያለው የክሊኒኩ በር ነው። ሥዕሉን ለማያይ ሰው የሚነበበው ጽሑፍ ደግሞ «በር» ብሎ አላቆመም፤ «ዋናው መግቢያ። ሁለት ደረጃ አለው። ደረጃ የሌለው መግቢያ ከሕንፃው በስተግራ ነው፤ ደወሉ በወገብ ቁመት ላይ ነው» ይላል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ደወሉን አገኘው።

ስለ ኩኪ የምለው አጭር ነው። ገጹ ሲከፈት ፈቃድ የሚጠይቅ ሰሌዳ አይወጣም፤ ሰው የሚከታተል ኩኪ ስላልተከለበት መጠየቅም አላስፈለገውም። ሰው ማታ ተደብቆ ስለ አባላዘር በሽታ ያነበበበት ገጽ ለማስታወቂያ ነጋዴ ወሬ ማቀበል የለበትም።

አማርኛ ገጽም አላቸው። ማሽን ያወጣው ሳይሆን ሰው የተረጎመው፤ አንድ ገጽ ብቻ፣ አምስት ነገር ብቻ። እንዴት እንደሚመዘገቡ፣ እንዴት ቀጠሮ እንደሚይዙ፣ አስተርጓሚ በነፃ እንደሚያገኙ፣ ልጅዎ እንዲያስተረጉም እንደማይገደዱ፣ መቼ ክፍት እንደሆኑ። ጀርባውን አየሁት። ገጹ የተጻፈበት ቋንቋ አማርኛ መሆኑን የሚነግረው ምልክት በትክክል ገብቷል፤ እሱ ባይኖር አንባቢው ፕሮግራም ፊደላችንን በእንግሊዝኛ አንደበት ሊያነበው ይሞክር ነበር። መስመሮቹ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ተራርቀዋል፤ ፊደላችን ረጅም እግር ስላለው ያስፈልገዋል።

አንድ ስህተት ግን አገኘሁ። የመዝጊያ ሰዓቱ 6:30 «ከምሽቱ 6 ሰዓት ተኩል» ተብሎ ተተርጉሟል። በእኛ አቆጣጠር ይህ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። መክፈቻው «ከጠዋቱ 8 ሰዓት» ነው፤ ስምንት ሰዓት ለእማማ ምሳ ተበልቶ ቡና የሚፈላበት ነው። ቃል በቃል ትክክል ነው፤ የቋንቋ ፈተና ቢሆን ያልፍ ነበር። የበዓል መዘጋት በየጊዜው የሚታደስበት፣ በማርች የገና ማስታወቂያ ተሰቅሎ የማይታይበት ገጽ ስለሆነ ዝም ማለት ከበደኝ። ከግርጌው «በዚህ ገጽ ላይ ስህተት አለ?» የሚል ሊንክ አለ። እሑድ ማታ ሁለቱን አቆጣጠር አስረድቼ ጻፍኩ። ማክሰኞ መልስ መጣ፤ ስም የለውም፣ «የክሊኒኩ ሠራተኞች» ይላል። አመሰገኑኝ፣ ቀጥለውም አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ በለንደን የሚኖሩ ታካሚዎቻችን የትኛውን አቆጣጠር ነው የሚጠቀሙት? ትልልቆቹ የአገር ቤቱን፣ ልጆቹ የእንግሊዙን፣ ብዙዎቻችን ሁለቱንም ብዬ መለስኩ።

ሐሙስ ዕለት ከእማማ ጋር ሆነን ከፈትነው። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል (በእንግሊዝ ሰዓት ከ8፡00 እስከ 18፡30)» ይላል። ከግርጌ፣ ገጹ መጨረሻ የታየበት ቀን ተለውጧል። እማማ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ወረዱበት፤ ከዚያ ስልኩን ወደኔ መለሱና «እንግዲህ መድኃኒቴን እዘዝልኝ» አሉ።